ክሊኒኩን በማን ስም ልክፈት? ለድሬዳዋው ሐኪም የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ የምኖር የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነኝ። ለዓመታት በመንግሥት ሆስፒታል ካገለገልኩ በኋላ ሥራዬን ለቅቄ ሳቢያን ላይ ክሊኒክ ለመክፈት ተዘጋጅቻለሁ። አብራኝ የምትሠራ የሕፃናት ሐኪም አለች። ታይዋን ገበያ ላይ የሚነግደው የባለቤቴ ወንድም ‹ግማሹን ገንዘብ እኔ አወጣለሁ፣ ግማሹን እናንተ አውጡ፣ ትርፉን እኩል እንካፈላለን› ብሎኛል። ካሊፎርኒያ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹ፕሮፌሽናል ኮርፖሬሽን ካላቋቋምክ አንድ ታካሚ የከሰሰህ ቀን ቤትህን ታጣለህ› ትለኛለች። እንዲህ ያለ ኩባንያ በአገራችን አለ ወይ? ቤቴንስ ያድንልኛል? የአማቼን ገንዘብ እንዴት አድርጌ ብቀበል ይሻላል? ዶ/ር መ.፣ ከድሬዳዋ።»

ምላሽ፦ የተከበሩ ዶክተር፣

ሦስቱ ጥያቄዎችዎ የተያያዙ ናቸው፤ እኔ ግን ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም እህትዎ በቅንነት የሰጡዎት ምክር ግማሹ ትክክል ሲሆን ግማሹ ግን ተማምነውበት ቢሠሩ ሊጎዳዎት የሚችል ነው።

አንድ ክሊኒክ በባለቤቱ ላይ ሁለት ዓይነት ዕዳ ሊያመጣ ይችላል። የመጀመሪያው የንግዱ ዕዳ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ በዱቤ የተገዛ የአልትራሳውንድ ማሽን፣ የላቦራቶሪ ዕቃ፣ የነርሶችና የካርድ ክፍል ሠራተኞች ደመወዝ፣ የባንክ ብድር፣ ያልተከፈለ ግብር። ሁለተኛው ከሐኪሙ ከራሱ እጅ የሚመጣ ዕዳ ነው፤ መታየት ሲገባው ሳይታይ የቀረ በሽታ፣ ሳይጠየቅ የታዘዘና ታካሚውን የጎዳ መድኃኒት፣ ወደ ሆስፒታል መላክ ሲገባው ክሊኒክ ውስጥ የተያዘ ሰው። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር የሚጠብቅዎት ከመጀመሪያው ዓይነት ዕዳ ነው። ማኅበሩ የራሱ የሕግ ሰውነት ስላለው ዕዳው የእሱ ነው፤ የአባሉ ኪሳራ ባዋጣው ገንዘብ ልክ ይቆማል። ከሁለተኛው ዓይነት ዕዳ የሚያድን የማኅበር ዓይነት ግን በእኛም አገር ሆነ እህትዎ ባሉበት አገር የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2031 የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን ግዴታ ባለመወጣት በሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሐኪም በራሱ ይጠየቃል፤ የክሊኒኩ በር ላይ የተጻፈው ስም ይህን አይለውጠውም። በዚያው ሕግ መሠረት የሕክምና ተቋሙም ቀጥሮ በሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለሚደርሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል። ስለዚህ ተጎዳሁ የሚል ታካሚ ማኅበሩንም፣ ያከመውን ሐኪምም በአንድ ክስ ሊያቀርብ ይችላል። የሙያ ሥራ ፈቃዱ የተሰጠው ለእርስዎ ለሰውየው ነው፤ ኃላፊነቱም ከፈቃዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከሽንሌ ወይም ከቢዮአዋሌ ተነሥቶ፣ ምናልባትም አንዲት ፍየል ሸጦ፣ እርስዎ ዘንድ የሚመጣ ሰው የሚያምነው እርስዎን እንጂ የንግድ መዝገቡን አይደለም።

እንግዲያው ማኅበር ማቋቋም ትርጉም የለውም ማለቴ ነውን? አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ የሰው ጥፋት ወደ እርስዎ ቤት እንዳይመጣ ማድረጉ ነው። ባልደረባዎ የሕፃናት ሐኪሟ በአንድ ሕፃን ላይ ስሕተት ቢፈጽሙ፣ በአግባቡ በተቋቋመና በአግባቡ በሚመራ ማኅበር ውስጥ የሚጠየቁት ባልደረባዎና ማኅበሩ ናቸው፤ እርስዎ በግል ንብረትዎ አይጠየቁም፤ በእርስዎ ጥፋትም እንዲሁ እሳቸው አይጠየቁም። በተራ የሽርክና ውል ተያይዛችሁ ብትሠሩ ግን ሁኔታው የተለየ ነበር፤ በኅብረት ሽርክና ማኅበር ውስጥ እያንዳንዱ ሸሪክ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ እስከ ግል ንብረቱ ድረስ ይጠየቃልና።

ለራስዎ ሙያዊ ኃላፊነት መከላከያው የሙያ ኃላፊነት መድን ነው። ይህን መድን ሲገዙ ሦስት ነገሮችን ከፖሊሲው ላይ በዓይንዎ አንብበው ያረጋግጡ፦ ሽፋኑ ማኅበሩን ብቻ ሳይሆን በስም የተጠቀሱትን ሐኪሞችም የሚያካትት መሆኑን፤ ጉዳቱ ዛሬ ደርሶ ክሱ ከዓመት በኋላ ቢመጣ፣ በመካከሉም ፖሊሲው ሳይታደስ ቢቀር፣ መድን ሰጪው የሚከፍል መሆኑን፤ የጠበቃ ወጪ በሽፋኑ ውስጥ መግባቱን። ከመድኑ ጎን ለጎን የታካሚ ካርድ በወጉ መጻፍ፣ ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል፣ ታካሚ ወደ ሆስፒታል ሲላክ የተላከበትን ሰዓት መመዝገብ፣ እነዚህ ሁሉ እርስዎ ከእኔ በላይ የሚያውቋቸው ናቸውና አልዘልቅባቸውም።

ይልቁንም ማኅበሩ የሚሰጠውን ጥበቃ ባለቤቶቹ ራሳቸው በእጃቸው የሚያፈርሱባቸውን መንገዶች ልንገርዎ፤ በተግባር ቤት የሚያስወስዱት እነዚህ ናቸውና። ዋነኛው የባንክ ዋስትና ነው። አዲስ የተቋቋመ ማኅበር ለብድር ወደ ባንክ ሲሄድ ባንኩ የማኅበሩን ካፒታል አይቶ አይረካም፤ የአባሉን ቤት በመያዣ ወይም የአባሉን የግል ዋስትና ይጠይቃል። ያንን ሰነድ የፈረሙ ዕለት በመያዣው ወይም በዋስትናው ልክ የተወሰነው ኃላፊነትዎ አልተወሰነም። ድሬዳዋ ደግሞ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የሚሠራባት ከተማ ናት፤ በዚህ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነን ቤት በመያዣ ለመስጠትም ሆነ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለቤትዎ ከእርስዎ ጋር ባንክ ቀርበው ይፈርማሉ ማለት ነው። ይህ በመጨረሻው ሰዓት «ነይና ፈርሚ» ተብለው የሚጠሩበት ጉዳይ አይሁን፤ ገና ከጅምሩ የቤታችሁ ምክክር ይሁን። (ክሊኒኩ ሐረር ቢሆን ኖሮ የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው በዚያ መታየት ነበረበት።)

ሁለተኛው ገንዘብ መቀላቀል ነው። የዕለቱን ገቢ በኪስ ይዞ መግባት፣ የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ ከክሊኒኩ ሒሳብ ማውጣት፣ ወይም የክሊኒኩን ኪራይ ከግል ቁጠባ መክፈልና ሳይመዘግቡ መተው፣ በተለይ በባለአንድ አባል ማኅበር ውስጥ፣ የአባሉንና የማኅበሩን ንብረት መለየት እንዳይቻል ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ባለገንዘቦች አባሉን በግሉ እንዲጠየቅ ለማድረግ መንገድ ያገኛሉ። ሦስተኛው ግብር ነው፤ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ድርጅቱ ያልከፈለው ታክስ፣ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ማስረዳት ወዳልቻለ ሥራ አስኪያጅ ሊመጣ ይችላል። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ እርስዎ ከሆኑ «ሒሳቡን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው» ማለት አያድንዎትም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልምጣ። እህትዎ የሚሉት ፕሮፌሽናል ኮርፖሬሽን በካሊፎርኒያ በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የሞስኮኒ-ኖክስ ሕግ የሚተዳደር የኩባንያ ዓይነት ነው። እዚያ ፈቃድ የሌለው ሰው በሕክምና ኮርፖሬሽን ውስጥ አክሲዮን ሊይዝ አይችልም፤ ቢያንስ 51 በመቶው በሐኪሞች መያዝ አለበት፣ ቀሪውም ቢሆን ሕጉ በዘረዘራቸው ሌሎች ፈቃድ ባላቸው ባለሙያዎች እጅ መሆን አለበት። ያም ሆኖ ሐኪሙ ለራሱ የሕክምና ስሕተት ከመጠየቅ አያመልጥም። እንግዲህ የእህትዎ ኩባንያ ሐኪሙን ከክስ የሚሸፍን ከመሆኑ ይልቅ ነጋዴውን ከሐኪሙ ጠረጴዛ የሚያርቅ ሕግ ነው፤ አማችዎን በግማሽ ድርሻ ሊያስገቡ ላሰቡት ለእርስዎ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በአገራችን በዚህ ስም የሚጠራ ማኅበር የለም፤ ነገር ግን በ1952ቱ የንግድ ሕግ እግር የተተካው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ለባለሙያዎች ቀድሞ ያልነበሩ ሁለት በሮች ከፍቷል። አንደኛው ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር ነው። ይህ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሙያ አገልግሎት ለመስጠት የሚያቋቁሙት ማኅበር ሲሆን፣ ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳና ለባልደረባቸው ጥፋት በግል ሳይጠየቁ፣ እያንዳንዱ ለራሱ ጥፋት እንደተጠያቂ የሚቆይበት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው በዚህ መልክ ነው። የእህትዎን ሐሳብ በመንፈስ የሚቀርበው ይህ ነው። ሁለተኛው በር ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ ቀድሞ የግል ማኅበር ለማቋቋም ሁለት ሰው ግድ ስለነበር ብዙ ባለሙያዎች የሚስታቸውን ወይም የወንድማቸውን ስም ለይስሙላ ያስገቡ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ሰው ብቻውን ማቋቋም ይችላል፤ ሆኖም እሱ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ ማኅበሩን የሚመራ ሰው አስቀድሞ መሰየም አለበት። ለብቻዎ ቢሆኑ ኖሮ ሳልጠራጠር ይህንን እመክርዎት ነበር። የተሰየመው ሰው ሐኪም ካልሆነ የሕክምናውን ኃላፊነት ለጊዜው የሚረከብ ፈቃድ ያለው ባለሙያም አብሮ ቢታሰብ መልካም ነው።

ከእነዚህ ሌላ የተለመደው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ፤ ከሁለት እስከ ሃምሳ አባላት ያሉት፣ ካፒታሉ ከ15,000 ብር የማያንስ። ይህን ዝቅተኛ መጠን ይዘው ግን እንዳይነሡ፤ ለሚጀምሩት ሥራ የማይበቃ ካፒታል ይዞ የተቋቋመ ክሊኒክ በሁለተኛው ወር የአባላቱን የግል ኪስ ይጠይቃልና። እንደ ግለሰብ ነጋዴ በራስ ስም ፈቃድ ማውጣትም ይቻላል፤ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የክሊኒኩ ዕዳ ሁሉ የእርስዎ ዕዳ ይሆናል፤ ሠራተኛ ቀጥረው፣ ማሽን በዱቤ ገዝተው ለሚሠሩት ሥራ አይመጥንም።

ስለ ገቢ ግብር በአጭሩ፦ ግለሰብ ነጋዴ በደረጃ እያደገ እስከ 35 በመቶ በሚደርስ መጣኔ ሲከፍል፣ ድርጅት ወጥ በሆነ 30 በመቶ ይከፍላል፤ ይሁንና ትርፉ ለአባላት ሲከፋፈል እንደገና በትርፍ ድርሻ ላይ ግብር አለ፤ ለራስዎ የሚከፍሉት ደመወዝም የቅጥር ግብር አለበት። ድርጅት ገቢው ትንሽም ይሁን ብዙ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፤ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። ስለዚህ ግብር ለመቀነስ ብለው ማኅበር አያቋቁሙ፤ ካቋቋሙ ደግሞ የሒሳብ ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑርዎት።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ የአማችዎ ገንዘብ። «ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እናንተ» የሚለው አነጋገር ፍትሐዊ ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን አማችዎ 50 በመቶ፣ እርስዎ 25፣ ባልደረባዎ 25 ማለት ነው። አማችዎ ብቻቸውን ከእያንዳንዳችሁ እጥፍ ድምፅ ይይዛሉ፤ ሁለታችሁ ሐኪሞች ተስማምታችሁ እንኳ እሳቸው ካልፈቀዱ አንድም ውሳኔ አታሳልፉም፤ እሳቸውም እናንተ ካልፈቀዳችሁ አያሳልፉም። ይህ ዓይነቱ እኩልነት ችግር እስኪመጣ ድረስ ያስደስታል፤ ችግር ሲመጣ ግን ማኅበሩን ቆልፎ የሚያስቀምጥ ነው።

ከድምፁ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አማችዎ ጥሩ ነጋዴ ናቸው፤ ጥሩ ነጋዴ ደግሞ ዕቃው ለምን እንደማይሸጥ ይጠይቃል። ሦስት ወር ሳይቆይ «ያ የገዛነው ማሽን በቀን ስንት ሰው ያያል? ለምን ለሁሉም አታዝዙም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ክፋት የለበትም፤ ከለመዱት ሥራ የመጣ ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ለታካሚው አስፈላጊ ያልሆነ ምርመራ ለማዘዝ የተገደደበት ቀን ግን የሙያ ሥነ ምግባሩም፣ የታካሚው ገንዘብም፣ በመጨረሻም የክሊኒኩ ስም ይጎዳል፤ ተጠያቂ ሆኖ የሚቀርበውም ፈቃዱን የያዘው ሐኪም እንጂ አማችዎ አይደሉም። ከመልካ ጀብዱ የመጣች እናት ለማያስፈልጋት ምርመራ የከፈለችው ገንዘብ ለሚያስፈልጋት መድኃኒት ልትከፍለው ይገባ የነበረ ገንዘብ ነው። በዚህ ጉዳይ ለዘብ ያለ ምክር የለኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫዬ አማችዎ አበዳሪ እንዲሆኑ ነው። ገንዘቡን ለማኅበሩ ያበድራሉ፤ የሚመለስበት ጊዜና መጠን በጽሑፍ ይቀመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ ለማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ወለድም ከተስማሙ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ12 በመቶም ሊበልጥ አይችልም። አማችዎ በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ የማይቀበሉ ሰው ከሆኑም ሌላ መንገድ አለ፤ ማሽኖቹን በራሳቸው ስም ገዝተው ለክሊኒኩ በወር በተቆረጠ ኪራይ ሊያከራዩ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ኪራዩ በወር የተወሰነ ይሁን እንጂ በታየ ታካሚ ቁጥር የሚሰላ አይሁን፤ በቁጥር ከሆነ ከላይ ያነሣሁት ችግር በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

አማችዎ አበዳሪነቱን ተቀብለው ከሄዱ እርስዎና ባልደረባዎ ሁለት ፈቃድ ያላችሁ ሐኪሞች ሆናችሁ ትቀራላችሁ፤ ያን ጊዜ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር ይስማማችኋል። ከመፈራረማችሁ በፊት ግን የአስተዳደሩን ንግድ ቢሮና ጤና ቢሮ በዚህ የማኅበር ዓይነት ለክሊኒክ የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ የሚሰጡበትን አሠራር በደብዳቤ ጠይቁ፤ የቃል መልስ ይዛችሁ አትሂዱ። መንገዱ ካስቸገረ ሁለታችሁ ብቻ አባል የሆናችሁበት የግል ማኅበር ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣችኋል።

አማችዎ «ባለቤት ካልሆንኩ ገንዘቤን አላወጣም» ካሉ ደግሞ፣ ሐሳባቸውን አልነቅፍም፣ የግል ማኅበር አቋቁማችሁ ድርሻቸው ከግማሽ በታች እንዲሆን ተደራደሩ፤ ለምሳሌ እርስዎ 35፣ ባልደረባዎ 35፣ እሳቸው 30። ልዩነቱን የሚሞላው ገንዘብ ከሌላችሁ ቀሪውን በብድር መልክ ይስጡ። በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥም የሕክምና ጉዳዮች ለሐኪም አባላት ብቻ የተተዉ መሆናቸው በግልጽ ይጻፍ፦ ሐኪምና ነርስ መቅጠርና ማሰናበት፣ የምርመራና የሕክምና መመሪያ፣ የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ዕቃ ጥራት፣ የታካሚ መረጃ ምሥጢር። ሐኪም ያልሆነ አባል የታካሚን ካርድ የማየት መብት እንደሌለው ይጻፍ፤ በአማችነት መካከል ይህ ሳይጻፍ ከቀረ በኋላ ላይ መከልከል ያሳፍራል። አማችዎ በበኩላቸው የሒሳብ መዝገቡን በማንኛውም ጊዜ የመመርመር፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ብድርና ግዥ ያለ እሳቸው ፈቃድ እንዳይፈጸም የመጠየቅ መብት ይኑራቸው። ገንዘባቸውን የሚጠብቅ አንቀጽ ከሰጧቸው የሕክምናውን አንቀጽ ለመቀበል አይቸገሩም።

በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ባልደረባዎ የጻፉት አንዲት መስመር ብቻ ነው፤ «አብራኝ የምትሠራ»። አባል ናቸው ወይስ ተቀጣሪ? ገንዘብ ያዋጣሉ ወይስ ሙያቸውን ብቻ? እኔ ከአማችዎ ድርሻ ይልቅ ይህ ግልጽ አለመሆኑ ያሳስበኛል። የሕፃናት ሕክምናው የክሊኒኩ ግማሽ ሥራ ከሆነ፣ እሳቸው ከዓመት በኋላ ታካሚዎቻቸውን ይዘው ከዚራ ላይ የራሳቸውን ቢከፍቱ ምን ትሆናላችሁ? ሙያና ስም በካፒታል መልክ በብር ለመመዘን ያስቸግራሉ፤ ስለዚህ ያዋጣችሁት ገንዘብ ለትርፍ ድርሻ፣ የሠራችሁት ሥራ ደግሞ ለደመወዝ ይሁን፤ ሁለቱን አትደባልቁ። ብዙ ታካሚ የሚያይ ሐኪም የበለጠ ሠርቷልና የሥራውን ያግኝ፤ የድርሻው ትርፍ ግን ባዋጣው ልክ ይሁን። ይህ ሳይለይ ቀርቶ «እኔ እየሠራሁ እሷ ትካፈላለች» የሚል ቅሬታ ከተነሣ ጥሩ ወዳጅነትንም ያበላሻል።

የመውጫውንም መንገድ አሁን፣ ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ሳለ፣ ጻፉት። አንድ አባል ሊወጣ ቢፈልግ ድርሻው በማን ይገመታል፣ በስንት ጊዜ ይከፈለዋል? ፈቃዱ የታገደበት ወይም ያልታደሰለት ሐኪም የሕክምና ጉዳይ ላይ ድምፅ መስጠቱን ወዲያው ያቆማልን? ከአባላቱ አንዱ ቢሞት ወራሾቹ ድርሻውን ይወርሳሉ ወይስ ዋጋውን ይቀበላሉ? በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ድርሻ በአንዱ ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የጋራ ንብረት እንደሆነ የሚገመት በመሆኑ፣ የእርስዎ ባለቤት የወንድማቸውና የባላቸው ክርክር መካከል ሊገኙ ይችላሉ፤ እሳቸውን ከዚህ ለመጠበቅ ብቻ እንኳ ይህ አንቀጽ በጥንቃቄ መጻፍ ይገባዋል። አለመግባባት ሲነሣ መጀመሪያ በስም በተጠቀሱ ሽማግሌዎች፣ ካልሆነ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ መስማማት ትችላላችሁ፤ ለዚህ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 አለ።

ድሬ ላይ ትልልቅ የንግድ ስምምነቶች በርጫ ላይ እንደሚጀመሩና በቃል እንደሚጸኑ አውቃለሁ፤ የከተማዋ ሰው እርስ በርሱ መተማመኑንም አከብራለሁ። ነገር ግን ከአማችዎ ጋር በርጫ ላይ የተስማሙትን በማግሥቱ ወረቀት ላይ አስፍረው፣ ለባለቤትዎም ለባልደረባዎም አስነብበው፣ የንግድ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ እንዲያየው ያድርጉ። የጠበቃው ክፍያ ከአንድ የአልትራሳውንድ ጥገና አይበልጥም። አማችዎ «ዘመድ በዘመድ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ቢሉ፣ ወረቀቱ የሚጻፈው ነገ ለሚመጡት ልጆቻቸውና ልጆችዎ እንደሆነ ይንገሯቸው።

የአፈጻጸሙን ቅደም ተከተል ብዙ አላራዝመውም፦ የንግድ ስም ማጣራት፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ማረጋገጥና ማስመዝገብ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጤና ቢሮው ቦታውን፣ ባለሙያውንና ዕቃውን አይቶ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የንግድ ሥራ ፈቃድ። የንግድ ፈቃዱና የብቃት ማረጋገጫው የማኅበሩ ሲሆኑ የእርስዎ የሙያ ፈቃድ ለብቻው የሚታደስ ነው፤ ለማደሻውም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃልና በሥራ ብዛት እንዳይዘነጋ።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሳምንት ያድርጉ። ሳቢያን ላይ ቤት አይተው ከሆነና አከራዩ ቀብድ እየጠየቁ ከሆነ፣ ማኅበሩ ገና ሳይመዘገብ የኪራይ ውሉን በራስዎ ስም አይፈርሙ። ማኅበሩ ከመመዝገቡ በፊት በስሙ ውል የሚገቡ ሰዎች፣ ማኅበሩ ተመዝግቦ ውሉን ካልተቀበለው በቀር፣ በግላቸው ይጠየቃሉ። ውሉ ላይ «በምሥረታ ላይ ላለው ማኅበር» ተብሎ ይጻፍ፤ ማኅበሩ ሲመዘገብ ውሉን እንደሚረከብና ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስዎ ከግል ኃላፊነት ነፃ እንደሚሆኑ፣ የብቃት ማረጋገጫው በቤቱ ሁኔታ ምክንያት ቢከለከል ደግሞ ቀብዱ እንደሚመለስ ይጨመርበት። አከራዩ ይህን ለመፈረም እምቢ ካሉ ሌላ ቤት ይፈልጉ።